ቁስን በሒሳብ የሚመረምሩ ሰዎች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 አክሻያ ፓዲ፣ ጆን ጉድኢናፍና አንድ ባልደረባቸው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ሆነው ስለ አንድ ርካሽ ቁስ ጥናት አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ቁሱ ሊቲየም፣ ብረት፣ ፎስፈረስና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ክሪስታል ነው፤ ዛሬ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ይባላል። ትሪፊላይት በሚባል ማዕድን መልክ በተፈጥሮም ይገኛል። ኮባልት አይፈልግም፣ አይመርዝም፣ ብረቱም እንደ ልብ ነው። ለባትሪ ካቶድ ሲሆን ወደ 3.5 ቮልት ይሰጣል። ጸሐፊዎቹ ግን ያጩት አነስተኛ ኃይል ለሚፈልግ ሥራ ብቻ ነበር። በውስጡ ካለው ሊቲየም በሙከራ ሊያወጡ የቻሉት 60 በመቶ ያህሉን ነው፤ ያውም ቀስ ብለው ሲስቡት። ሲያጣድፉት የሚሰጠው ይቀንስ ነበር።

ያው ቁስ ዛሬ ከባድ አውቶቡስ ያንቀሳቅሳል። የቻይናው ኩባንያ ቢዋይዲ በ2020 ያስተዋወቀው ብሌድ የተባለው ባትሪ የተሠራው ከእሱ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከበዙት የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ሆዳቸው ውስጥ የያዙት ይህንኑ ክሪስታል ነው። በ1997 ለትንሽ ሥራ የታጨውና ዛሬ መኪና የሚነዳው ቁስ በኬሚካዊ ቀመሩ አንድ ነው። የተለወጠው የቅንጣቱ መጠን፣ የተሸፈነበት ካርቦንና ስለ እሱ ያለን ዕውቀት ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዱቄት የሚፈጭ፣ ምድጃ የሚያነድድ ሰው አይደለሁም። የእኔ ሥራ የአቶሞቹን ቦታ በአንድ ፋይል ላይ ጽፎ፣ ኤሌክትሮኖቹ በመካከላቸው እንዴት እንደሚሰፍሩ በኮምፒዩተር ማስላት ነው። ይህ ሙያ ታሪክ አለው። ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣሁት ተማሪዎቼ ፕሮግራሙን እንጂ ፕሮግራሙ የመጣበትን መንገድ ስለማያውቁ ነው። መንገዱን የማያውቅ ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱ ያገኘዋል። ወይ ኮምፒዩተሩ የሰጠውን ቁጥር ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ወይ ደግሞ ሙያው የሌሎች እንጂ የእኔ አይደለም ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1926 ነው። በዚያ ዓመት ኤርቪን ሽሮዲንገር በስሙ የሚጠራውን ቀመር አሳተመ። ቀመሩ ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ይናገራል፤ በመርህ ደረጃ የማናቸውንም ቁስ ጠባይ ከዚህ ማውጣት ይቻላል። ሦስት ዓመት ሳይቆይ በ1929 ፖል ዲራክ የኬሚስትሪ ሁሉ መሠረት የሆነው ሕግ አሁን ታውቋል፣ የቀረው ችግር ቀመሮቹ ለመፍታት እጅግ የተወሳሰቡ መሆናቸው ነው ሲል ጻፈ። ይህን የዲራክን አስተያየት ብዙዎች የሚያነሡት እንደ ድል ብሥራት ነው። ዲራክ ግን አያይዞ፣ ያለ ብዙ ስሌት ወደ መልሱ የሚያደርሱ የመቀራረቢያ ዘዴዎች ሊበጁ ይገባል ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ሙያ ታሪክ በሙሉ ለዚህ ጥሪ የተሰጠ መልስ ነው።

ውስብስብነቱ ምን ያህል እንደሆነ በዚያው በሊቲየም ብረት ፎስፌት (ከእንግዲህ ባጭሩ ብረት ፎስፌት) ላይ እንመልከት። የክሪስታሉ አንድ ተደጋጋሚ ክፍል 28 አቶሞች አሉት፤ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሲደመሩ 304 ናቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ቦታውን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች ስላሉት፣ የሽሮዲንገር ቀመር መልስ በ912 ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ ይሆናል። በየአቅጣጫው አሥር አሥር ነጥብ ብቻ ወስደን መልሱን እንመዝግብ ብንል፣ የሚያስፈልገን መዝገብ አንድ ቁጥር ሆኖ 912 ዜሮዎች የሚከተሉት ይሆናል። በሚታየው ዓለም ያሉ አቶሞች ብዛት በግምት አንድ ቁጥርና 80 ዜሮዎች ነው። እንግዲህ ችግሩን የኮምፒዩተር ፍጥነት አይፈታውም። ዓለም በሙሉ ወረቀት ብትሆንም መልሱን መጻፊያ አይበቃም።

የመጀመሪያው ብልሃት ከእንግሊዝ መጣ። ዳግላስ ሃርትሪ በ1928 እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለብቻው ማየትን ሐሳብ አቀረበ፤ የሌሎቹ ተጽዕኖ በአማካይ ይወሰዳል። በመጀመሪያ አማካዩን ትገምታለህ፤ በግምቱ ላይ ተመሥርተህ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ታሰላለህ፤ ከተገኘው ውጤት አዲስ አማካይ ታወጣለህ፤ ከዚያ እንደገና ትጀምራለህ። የገባው የወጣውን እስኪመስል ድረስ ይቀጥላል። ይህን አድካሚ ሥራ ከዳግላስ ጋር የሠራው አባቱ ዊልያም ሃርትሪ ነበር። ሽማግሌው ከሥራ ገበታው ከወጣ በኋላ ጊዜውን ለልጁ ስሌት ሰጠ፤ በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና አቶም በአቶም እየቆጠረ ዓመታት አሳለፈ። በ1934 ደግሞ ዳግላስ ሃርትሪና ተማሪው አርተር ፖርተር ማንችስተር ውስጥ ሜካኖ ከሚባለው የልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት ቀመር የሚፈታ መኪና ገጣጥመው ሠሩ።

ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ዛሬ አንድ ተማሪ ስሌት አስነሥቶ ማያ ገጹ ላይ ሲያፈጥጥ፣ በየዙሩ እየቀነሰ የሚሄድ የስሕተት መጠን ያያል። ቁጥሩ ከተወሰነ ወሰን በታች ሲወርድ ፕሮግራሙ ይቆማል። ያ ዙር አባትና ልጅ በእጃቸው ያዞሩት ዙር ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ መኪናው ተለወጠ እንጂ አካሄዱ አልተለወጠም።

ሁለተኛው ብልሃት የአንድ ስደተኛ ነው። ዋልተር ኮን በ1923 ቬና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ ያለ ወላጆቻቸው ወደ እንግሊዝ ከተላኩት ልጆች ጋር ወጣ። ወላጆቹ አልወጡም፤ ኦሽቪትዝ ውስጥ ተገደሉ። እሱንም በ1940 እንግሊዞች የጠላት አገር ዜጋ ነህ ብለው አሰሩት፤ ወደ ካናዳ ካምፕ ላኩት። እዚያ ካምፕ ውስጥ፣ አብረውት ከታሰሩ ምሁራን ሒሳብና ፊዚክስ ተማረ። ከዚያ ቶሮንቶ፣ ከዚያ ሃርቫርድ።

ኮን በ1963 መኸር ለምርምር ፓሪስ ሄደ። እዚያ ከፒየር ሆሄንበርግ ጋር ሆኖ ያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በየቦታው ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ብቻ ባውቅ፣ ማለትም የኤሌክትሮኑን እፍግታ ባገኝ፣ የቁሱን ጠባይ ሁሉ ከዚያ ማውጣት እችላለሁን? በ1964 ሁለቱ አዎን፣ ቢያንስ እጅግ ዝቅተኛ ኢነርጂ ላይ ባለው ሁኔታ ይቻላል የሚል ማረጋገጫ አሳተሙ። ማረጋገጫው አጭርና ቀላል ስለሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እጨርሰዋለሁ። ያመጣው ለውጥ ግን የሚገርም ነው። በ912 ቁጥሮች ፋንታ ሦስት ብቻ በቂ ሆኑ። በየአቅጣጫው አሥር ነጥብ ወስደን እፍግታውን ብንመዘግብ አንድ ሺህ ቁጥር ይበቃናል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ደብተር ያልቃል።

ማረጋገጫው መልሱ እንዳለ ነገረን እንጂ እንዴት እንደሚገኝ አልነገረንም። በ1965 ኮንና ሉ ጁ ሻም፣ ሳንዲያጎ ላይ፣ እርስ በርሳቸው የማይገፋፉ ምናባዊ ኤሌክትሮኖችን አስበው፣ እፍግታቸው ግን ከእውነተኞቹ ጋር እኩል እንዲሆን አደረጉ። እነዚህ ለሃርትሪ ዙር ይመቻሉ። የማናውቀው ነገር ሁሉ በቀመሩ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠቃለለ፤ ያን ክፍል የሚተኩ ግምቶችን ማሻሻል ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የብዙ ሰው ሥራ ሆነ። በ1980 ዴቪድ ሴፐርሊና በርኒ አልደር የኤሌክትሮን ጋዝን ኢነርጂ በጥንቃቄ አሰሉ፤ በ1996 ጆን ፐርዲውና ባልደረቦቹ በስማቸው ፊደላት የሚጠራውን፣ ዛሬም ሁሉም የሚጀምርበትን ግምት አቀረቡ። ኮን በ1998 ከጆን ፖፕል ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። በልጅነቱ በተባረረባት በቬና ደግሞ ጌኦርግ ክሬሰና ዩርገን ሃፍነር በ1990ዎቹ በዚሁ ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆመ ፕሮግራም ጻፉ፤ በባትሪ ቁስ ምርምር ላይ ከዚያ በላይ የተሠራበት ፕሮግራም አለ ብዬ አላስብም።

የኮንና የሆሄንበርግ ጥናት በወጣበት በ1964 ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ በምትባል የወደብ ከተማ ሌላ ነገር ተጀመረ። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም ዓለም አቀፉን የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። ሰላም ከካምብሪጅ ተምሮ ወደ ላሆር ከተመለሰ በኋላ የሚያነጋግረው የሙያ ባልደረባና የሚያነበው መጽሔት አጥቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ወጥቷል። ማዕከሉን ያቋቋመው የድሃ አገር ሳይንቲስት በአገሩና በሙያው መካከል እንዳይመርጥ ብሎ ነው። በዚያችው ከተማ በ1985 ሮቤርቶ ካርና ሚኬሌ ፓሪኔሎ የአቶሞችን እንቅስቃሴና የኤሌክትሮኖችን ስሌት በአንድ ላይ የሚያካሂድ ዘዴ አገኙ። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለውና ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ያደገውም እዚያው ትሪየስቴ ነው። እኔ የማስተምረው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። በ1997፣ ፓዲና ጉድኢናፍ ብረት ፎስፌትን ባስተዋወቁበት ዓመት፣ የኤምአይቲው ጌርብራንድ ሴደርና ባልደረቦቹ ቮልቴጅ ከስሌት ብቻ እንደሚገኝ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሊቲየም ያለበትን ክሪስታል ኢነርጂ አስላ፤ ሊቲየም የወጣለትን አስላ፤ ንጹሑን ሊቲየም ለብቻው አስላ። ሦስቱን አቀናንሰህ በተላለፈው ሙላት ስታካፍል አማካይ ቮልቴጁን ታገኛለህ። እስካሁን ማንም ያልሠራውን ቁስ ቮልቴጅ ዱቄቱ ሳይፈጭ ማወቅ ተቻለ ማለት ነው። በ1998 ያው ቡድን ይህን መንገድ ተከትሎ፣ በሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ካቶድ ውስጥ ካለው ኮባልት ከፊሉን በአሉሚኒየም መተካት ቮልቴጁን ከፍ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተናግሮ በሙከራም አሳየ።

በብረት ፎስፌት ላይ ግን ስሌቱ ሳተ። የተለመደው ግምት 3 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ እውነተኛው 3.5 ያህል ነው። ግማሽ ቮልት ለባትሪ ትልቅ ልዩነት ነው። ጥፋቱ የት እንዳለ ሲመረመር ብረቱ ዘንድ ተገኘ። የብረት ውጫዊ ኤሌክትሮኖች ጠባብ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ አጥብቀው ይገፋፋሉ፤ ከተስተካከለ የኤሌክትሮን ጋዝ የተቀዳው ግምት ይህን በቅጡ አይዝም፤ ኤሌክትሮኑ ከሚገባው በላይ ተበትኖ ይታየዋል። መድኃኒቱ ጆን ሃባርድ በ1960ዎቹ ካቀረበው ሐሳብ የተወሰደ የመገፋፋት እርማት ነው። ትሪየስቴ የተማረው ማቴዮ ኮኮቾኒ የእርማቱን መጠን ከራሱ ከስሌቱ የሚያወጣ ዘዴ ካዳበሩት አንዱ ነው። በ2004 ፌይ ዙ፣ ኮኮቾኒ፣ ሴደርና ሌሎች ይህን በብረት ፎስፌት ላይ ሲሠሩበት ቮልቴጁ ወደ 3.5 ተጠጋ። ተማሪ ቁጥር ይዞ ሲመጣልኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ የት እንዳሉ አይተሃል? ኮምፒዩተር የተሳሳተ ግምትም ቢሰጠው በተመሳሳይ እርግጠኝነት ብዙ አሃዝ ጽፎ ያወጣል።

ቮልቴጁ ተፈታ፤ ዝግታው ግን አልተፈታም። ሊቲየሙ ለምን አጣድፈው ሲስቡት እምቢ ይላል? የቤተ ሙከራ ሰዎች መልስ ፍለጋ ላይ ቀድመው ነበር። በ1999 ሚሼል አርማንና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ቅንጣቶቹን በካርቦን ሲሸፍኗቸው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ድክመታቸው ተቃለለ። በ2001 ሶኒ ውስጥ ይሠራ የነበረው አትሱኦ ያማዳ በዝቅተኛ ሙቀት አብስሎ ቅንጣቶቹ እንዳያድጉ ሲያደርግ ከክሪስታሉ የሚወጣው ሊቲየም እጅግ ጨመረ። ትንሽ ማድረግ እንደሚጠቅም በእጅ ታወቀ። ለምን እንደሚጠቅም ግን ገና ነበር።

በ2004 ዴን ሞርጋን፣ አንቶን ቫን ደር ቬንና ሴደር ሊቲየም በክሪስታሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ ለመዝለል ምን ያህል ኢነርጂ እንደሚጠይቀው በየአቅጣጫው አሰሉ። ውጤቱ ሊቲየም የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚል ነበር። በክሪስታሉ ውስጥ ጎን ለጎን የተዘረጉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉ፤ በእነሱ ርዝመት መንቀሳቀስ ቀላል ነው፤ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ መሻገር ግን ፈጽሞ አይሞከርም። በ2005 እንግሊዝ የነበረው ሳይፉል ኢስላምና ባልደረቦቹ ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛ፣ ሊቲየሙ በመተላለፊያው ውስጥ ሲሄድ መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚጠማዘዝ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ክሪስታል ውስጥ በቀላሉ የሚፈጠረው ጉድለት ብረትና ሊቲየም ቦታ መለዋወጣቸው ነው። በ2008 ያማዳና ቡድኑ፣ በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ በኒውትሮን ጨረር ክሪስታሉን ሲመረምሩ የሊቲየሙ አሻራ በአንድ አቅጣጫ ተጠማዝዞ ታያቸው። ኮምፒዩተር ከዓመታት በፊት የሣለው መንገድ ነበር። ቅንጣት በማሳነስ የጀመረው ሰው የስሌቱን ትንቢት በዓይን ያሳየው እሱው መሆኑ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ የመጠን ምስጢር ተፈታ። በ2010 ራሁል ማሊክ፣ ማርቲን ባዛንት፣ ሴደርና ባልደረባቸው መተላለፊያውንና ጉድለቱን አገናኙ። አንድ ብረት በሊቲየም ቦታ ላይ ከተቀመጠ መተላለፊያው ተዘጋ፤ ጠባብ ቅያስ ውስጥ የጭነት መኪና እንደቆመ ማለት ነው፣ አልፎት የሚሄድ የለም። አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፤ ሊቲየሙ ከሁለቱም ጫፍ ገብቶ ይወጣል። ሁለት ከሆኑ ግን በመካከላቸው ያለው ሁሉ ታስሮ ይቀራል። እስቲ እናስላው። በመተላለፊያው ውስጥ የሊቲየም ቦታዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት 0.3 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ከሺህ ቦታ በአንዱ ብረት ተቀምጧል እንበል። የቅንጣቱ ስፋት 1000 ናኖ ሜትር ከሆነ አንድ መተላለፊያ 3300 ያህል ቦታ ይኖረዋል፤ በአማካይ ሦስት መዝጊያ ይደርሰዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሊቲየም ታሳሪ ነው። ስፋቱ ወደ 100 ናኖ ሜትር ቢወርድ 330 ያህል ቦታ ብቻ ይኖራል፤ ከሦስት መተላለፊያዎች ሁለቱ አንድም መዝጊያ አይኖራቸውም፤ ሁለት መዝጊያ የሚገጥማቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። ጉድለቱ አልቀነሰም፣ ቁሱም አልተለወጠም። ማሳነሱ ብቻውን መንገዱን ከፈተ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እወዳለሁ። ስሌቱ ባትሪውን አልሠራም፤ ሠሪዎቹ ማሳነስ እንደሚጠቅም ከስሌቱ በፊት ያውቁ ነበር። ስሌቱ የሰጠው ምክንያቱን ነው፤ ምክንያት ያወቀ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መፍጨት ብቻ አይደለም የሚያደርገው። ቅንጣቱን በመተላለፊያው አቅጣጫ ማሳጠር እንደሚሻል ያውቃል፤ ብረትና ሊቲየም ቦታ እንዳይለዋወጡ አዘገጃጀቱን መቆጣጠር እንዳለበት ያውቃል። ንድፈ ሐሳብ ለእጅ ሥራ የሚያበረክተው እንዲህ ያለውን አቅጣጫ ነው።

ስሌት ቀድሞ የሄደበትም አለ። ኢነርጂን ከማከማቸት ወደ መለወጥ ስንሻገር፣ ውኃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ለማውጣት ፕላቲነምን የሚያህል ካታሊስት የለም፤ ነገር ግን ውድና ብርቅ ነው። ርካሹ ሞሊብዲነም ሰልፋይድ ለዚህ አይሆንም ተብሎ ተትቶ ነበር። ዴንማርክ ውስጥ የዬንስ ኖርስኮቭ ቡድን ሃይድሮጅን በካታሊስቱ ላይ የሚጣበቅበትን ኢነርጂ ያሰላ ነበር። በጣም ከተጣበቀ አይለቅም፤ ካልተጣበቀ ሥራው አይጀመርም፤ መካከለኛው ይሻላል። በ2005 በሪት ሂነማን፣ ኖርስኮቭና ሌሎች በተፈጥሮ ሃይድሮጅን የሚያመርቱ ኤንዛይሞችን ሲያሰሉ ኢነርጂው ከተፈለገው ጋር ገጠመ። የኤንዛይሞቹን የሥራ ቦታ የሚመስል ቅርጽ የሞሊብዲነም ሰልፋይድ ንጣፍ ጠርዝ ላይ ሲገኝ ጠርዙንም አሰሉት፤ ገጠመ። ሰዎች ይህን ቁስ የናቁት ሰፊ ገጽታው ምንም ስለማይሠራ ነበር፤ የሚሠራው ግን ጠርዙ ነው። በ2007 ቶማስ ሃራሚሎ፣ ኢብ ኮርከንዶርፍና ባልደረቦቻቸው በወርቅ ላይ የናኖ ቅንጣቶችን አሳድገው፣ በማይክሮስኮፕ የእያንዳንዱን ቅንጣት ዳርቻና ስፋት ለክተው አነጻጸሩ። የሚወጣው ሃይድሮጅን ከስፋቱ ጋር ሳይሆን ከጠርዙ ርዝመት ጋር ይጨምር ነበር። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ከክብደቱ አንጻር ጠርዙ ይበዛል። የናኖ ቁስ ጥቅም እዚህ ሌላ መልክ ይዞ መጣ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? በ2010 የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ማርቲንና የትሪየስቴው ማዕከል ሰዎች ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ለአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች የኤሌክትሮን መዋቅር ስሌት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ኬፕታውን ላይ ጀመሩ። በየጥቂት ዓመቱ በተለያየ አገር እየተካሄደ በ2018 አዲስ አበባ ደረሰ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ከኬንያ፣ ከጋና፣ ከካሜሩንና ከሱዳን የመጡ ወጣቶች ከእኛ ልጆች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠዋት ንድፈ ሐሳብ፣ ከሰዓት በኋላ ስሌት ይሠሩ ነበር። ማታ ማታ አንዱ የሌላውን ፋይል እየከፈተ ስሕተት ሲፈልግለት አይቻለሁ። አብዱስ ሰላም ላሆር ውስጥ ያጣው ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ ይሄ እኮ የሀብታም አገር ሥራ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ እየተቋረጠብን እንዴት እንደርስባቸዋለን?» መብራት መሄዱ እውነት ነው፤ ስሌቱን በየተወሰነ ደረጃ እንዲያስቀምጥ አድርገን፣ መብራት ሲመጣ ከቆመበት እናስነሣዋለን። ሀብታም አገር የሚያስፈልገው ግን ሥራው ሁሉ አይደለም። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መግዛት አንችል ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ግን ነፃ ነው፣ 28 አቶም ያለውን ክሪስታል ለማስላት የአንድ ክፍል ጥቂት ኮምፒዩተሮች ይበቃሉ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ፊዚክሱን ጠንቅቆ ማወቅ ነው። አባትና ልጅ በእጅ በሚዞር መኪና ጀምረውታል።

ይኸው ተማሪ አሁን የሚሠራው በሶዲየም ላይ ነው። ሶዲየም ከጨው ይገኛል፤ ጨው ደግሞ አፋር ምድር ላይ ሞልቷል። የሶዲየም ብረት ፎስፌት ጽኑ የሆነው ክሪስታል ማሪሳይት ይባላል፤ ሶዲየም የሚያልፍበት ክፍት መተላለፊያ ስለሌለው ለባትሪ አይሆንም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተትቶ ኖሯል። በ2015 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቁስ ወደ ናኖ መጠን አድቅቀው ሲሞክሩት ሠራ፤ ሶዲየሙ በመጀመሪያ ሲወጣ የክሪስታሉ ሥርዓት ፈርሶ መንገድ እንደሚከፈት አሳዩ። ሥርዓት በሌለው ቁስ ውስጥ የአቶም መንገድ ማስላት ሥርዓት ካለው ይልቅ እጅግ ይከብዳል፤ ስለዚህ ገና ብዙ የሚሠራ አለ።

ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የምለው አለኝ። አስሊውንና አብሳዩን በተለያየ ሕንፃ፣ በተለያየ ክፍለ ትምህርት አታስቀምጧቸው። የፊዚክስ ተማሪ ስሌቱን ይዞ ወደ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ይሂድ፤ የኬሚስትሪው ተማሪ ያልገባውን ዱቄት ይዞ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ይምጣ። የብረት ፎስፌት ታሪክ የሚያስተምረን፣ ያማዳ ያለ ሴደርና ኢስላም ምክንያቱን ሳያውቅ እንደሚቀር፣ እነሱም ያለ ያማዳ ትክክል መሆናቸውን ማረጋገጥ እንደማይችሉ ነው። ተማሪዎቼን ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አይሆንም ተብሎ የተጻፈ ቁስ ስታገኙ፣ በምን ያህል መጠን ተሞክሮ ነው አይሆንም የተባለው ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አስሉ።